ጥንዚዛ ያለበት ቫዮሊን

የሰደበኝ ተሻለ ቀነዓ ነው። ጊዜው 1966 ዓ.ም.፣ ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ። ቦታው አምቦ፣ መስኮቱ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያየው የሙዚቃ ክበብ ክፍል ውስጥ። ማን ማን እንደነበረም አልረሳሁም። የክፍል ጓደኛዬ ኤጄታ ከበሮውን አቅፎ ጥግ ይዟል። አብራን የምትማረው አመለሸጋ በር ላይ ቆማለች። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።

ስድቡም ይኸውላችሁ፦ «ይህ እጅ ሞፈር ሲጨብጥ ነው የሚያምርበት። ደጋን የሰው እጅ ይፈልጋል።»

ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ተሻለ ያኔ መምህራችን ነበር፤ የሙዚቃ ክበቡም ኃላፊ። ቫዮሊኑ የትምህርት ቤቱ ነው፤ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ትቶት የሄደ። ለወላጆች ቀን የሚጫወት ሊመረጥ ተሰልፈን፣ ተራዬ ደርሶ አገጬ ሥር አስገባሁት። ደጋኑን ገና አንዴ ስስበው ተሻለ ከወንበሩ ተነሥቶ ያንን ተናገረና ከእጄ መነጨቀው። እሱ ደጋኑን ሲመነጭቅ ቫዮሊኑ ከእኔ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ሆዱም በጎን በኩል ተሰነጠቀ። ማን ሰበረው ተባለ? ሆርዶፋ! እስኪደወል ድረስ ተንበርክኬ ዋልኩ።

አናጢ በሙጫ አጣበቀው። ከዚያ ወዲያ ግን ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር፣ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ጥንዚዛ የገባች ይመስል፣ ውስጡ ዝዝዝ ይላል። እኔ እንዳልገባ ስለተከለከልኩ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሌሎች ሲጫወቱበት አዳምጥ ነበር። ያንን ዝዝታ ሰው ከሞት ቢቀሰቅሰኝ አውቀዋለሁ።

ደግሞ ተሻለ ራሱ የማን ልጅ መሰላችሁ? አባቱ እኮ ጎጆ በምትባለው ደጋ አገር፣ በዚያ ብርድ፣ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞፈርን የናቀው የሞፈር ልጅ ነው። ይህን የሚያነሣበት ሰው ግን በከተማው አልነበረም። ትልቅ ሰው ሲሳደብ ተግሣጽ ይባላል፤ ድሃ ሲመልስ ብልግና።

ሰባተኛን ሳልጨርስ ትምህርቱን ተውኩት። በስድቡ ብቻ ነው አልልም፤ አባቴ ጉርሙም ታሞ ነበር። ቢሆንም የዚያን ሰው ፊት ላለማየት ስል የተውኩት ይበልጣል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ገባሁ። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ በየቀበሌው ኪነት ይቋቋም ተባለ። ማሲንቆ የሚመታ ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ፤ እያደር የቡድኑ መሪ ሆንኩ። ጌዶ ገበያ ላይ፣ በበሬና በበግ መሃል ቆመን ዘምረናል። ሰው አጨብጭቦልኛል። ተሻለ ግን አንድ ቀን እንኳን ሲያጨብጭብልኝ አላየሁትም። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ሲያራግፍ ያንን ቫዮሊን ወደ ቤቱ ወስዶ ለልጁ እንደሰጠው ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

እንዲህ ስንኖር 1978 ደረሰ።

በከተማው ካለው የዕፅዋት ምርምር ጣቢያ የሩሲያ ባለሙያዎች የአንዱ ሚስት፣ ከተማው «ማዳም» የሚላት፣ ለጥቂት ልጆች ቫዮሊንና ፒያኖ ታስተምር ነበር። ፒያኖው ከድሮ ጀምሮ የፍል ውሃው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቆመው ነው። ማዳም አገሯ ልትገባ ስትል ለአንድ ልጅ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ ጽፋ ኖሮ፣ ከሄደች በኋላ ተፈቀደ የሚል ደብዳቤ መጣ። አንድ ቦታ፣ ለአንድ ቫዮሊን ተጫዋች፣ በባሕር ማዶ። ከተማው ውስጥ ለዚህ የሚበቁ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከጉደር እየተመላለሰች የተማረችው እንቁ፣ ሌላው ሌታ፣ የተሻለ ልጅ። ለሁለቱም ፒያኖ የምትመታላቸው የጤና ረዳቱ ልጅ አስያ ናት፤ እሷ ገና ዘጠነኛ ስለሆነች ከውድድሩ የለችበትም።

ሌታ አምና አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ አልመጣለትም። ይህ ምን ማለት እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። ትምህርት የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘገባል። የሚቀጥለው ምልመላ ሰኔ ላይ ነው ተብሎ ነበር። ባለፈው ምልመላ ከሄዱት የጎረቤት ልጆች የሁለቱ መርዶ መጥቷል። የትምህርት ዕድሉን ያገኘ ልጅ ተማሪ ነው ይባላል፤ ማንም አይነካውም። ስለዚህ የሌታ ነገር የቫዮሊን ነገር ብቻ አልነበረም።

ዳኛ ሆነን የተመረጥነው ሦስት ነን። ሰብሳቢው ጓድ በድሉ ከባህል ኮሚቴው፤ ወይዘሮ ሸዋገነት እንግሊዝኛ የምታስተምረው፣ አዲስ አበባ ሳለች ፒያኖ ትንሽ የሞካከረች፤ ሦስተኛው እኔ፣ ሰፊውን ሕዝብ ወክዬ። ልጆቹን በአካል አናይም ተባለ። ፒያኖው ከሆቴሉ አይነሣም፤ በዚያ ላይ ጓድ በድሉ «ፊት አይተን ዘመድ እንዳንመርጥ» አለ። ሁለቱም ያንኑ አንድ ሶናታ ከአስያ ጋር በየተራ ተጫውተው በካሴት ተቀዳ። ካሴቶቹ ላይ «ሀ» እና «ለ» ተጻፈ። የቱ የማን እንደሆነ የሚገልጸው ወረቀት ታሽጎ ተቀመጠ።

በዳኝነቱ ዕለት ጠዋት ወደ ቢሮው ስሄድ ተሻለ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሸብቷል። ባርኔጣውን አወለቀልኝ።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ አካም ቡልተኒ? እንደምን አደሩ?»

ኦቦ! አቶ እንደማለት፤ በዕድሜዬ ከእሱ አፍ ሰምቼው የማላውቀው። «ደኅና» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ይቅርታ አይደለም፣ ሰላምታ! ለልጁ ሲል እጁን አጣጥፎ ሰላምታ! ቢያንስ «ያን ጊዜ በድዬሃለሁ» ቢለኝ ምን ነበር? ይህን እያልኩ ገባሁ።

ቢሮው ጠባብ ነው። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ እነሱ ከወዲያ ማዶ። ጓድ በድሉ የነጥብ መስጫ ወረቀት አደለን። አየሁት፤ ለኪነት ውድድር የምንጠቀምበት ነው። ይዘት፣ አለባበስ፣ የመድረክ እንቅስቃሴ፣ ድምፅ።

«ጓድ በድሉ፣ አለባበስ ከካሴት ላይ እንዴት ይታያል?» አለች ሸዋገነት።

«ለሁለቱም ሙሉ ስጪ።»

«ይዘትስ? ቃል የለውም እኮ።»

«ፀረ አብዮት ነገር ከሰማሽ ቀንሺ፤ ካልሰማሽ ሙሉ ስጪ። አታካብጂው እንግዲህ።»

ሸዋገነት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ማዳም ትታ የሄደችውን ወረቀት ተርጉማ አነበበችልን። ሶናታ ማለት፣ ይላል፣ ቫዮሊንና ፒያኖ እንደ ሁለት ሰው የሚያወጉት ነው። አንዱ ጌታ ሌላው አሽከር አይደሉም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ዳኛ ሁለቱንም ይስማ።

«ገባህ፣ ጓድ ሆርዶፋ?» አለኝ በድሉ።

«ለምን አይገባኝም?» አልኩት።

ካሴት «ሀ» ገባ። ፒያኖው ጀመረ፣ ቫዮሊኑ ተከተለ። ላይ ላዩን ሲሄድ ቆየና ወደ ወፍራሙ ክር ወረደ። ዝዝዝ።

ጥንዚዛዋ።

እነሱ ምንም አልሰሙም፤ በድሉ እንዲያውም በሹክሹክታ በር ላይ ከቆመችው ተላላኪ ጋር ስለ ከሰዓቱ ስብሰባ ያወራል። እኔ ግን ያ ሲሚንቶ ላይ የወደቀው ነገር እፊቴ መጥቶ ይናገራል። «ሀ» ሌታ ነው። የታሸገው ወረቀት ለእኔ ከዚያ ወዲያ አልታሸገም። በመላው ጅባትና ሜጫ አውራጃ ያንን የሚያውቅ ከእኔና ከተሻለ በቀር ማን አለ?

ጨዋታው እየሞቀ ሄዶ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ደፍተው ዘጉት። ጸጥታ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ጆሮዬ ማጉያው ሥር ስለነበረ፣ ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። አንዲት ልጅ በቀስታ ጉሮሮዋን ጠረገች። በድሉ ቁልፉን ቀጭ አደረገና አቆመው።

«አለቀ። መልካም ነው፤ አጠረ እንጂ።»

«እኔም የሚረዝም መስሎኝ ነበር» አለች ሸዋገነት፣ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች። «ምናልባት ይህን ብቻ አጥንቶ ይሆናል።»

ወረቀት የሚገልጥ ሰው የሚቀጥል ሰው ነው። አወቅሁት፤ ዝም አልኩ።

ካሴት «ለ» ገባ። ያው ዜማ ነው፤ ይሄኛው ቫዮሊን ግን ንጹሕ ነው፣ ድምፁም ቀጠን ይላል። የመጀመሪያው እንዳለቀ ምንም ጸጥታ ሳይኖር ሌላ፣ ቀሰስ ያለ ዜማ ተከተለ። እሱም እንዳለቀ ወዲያው ሦስተኛ፣ ፈጣን። ከዚያ ካሴቱ ባዶውን ሺሺሺ አለ።

በድሉ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! ይሄኛው ሦስት ዘፈን ተጫወተ፣ ያኛው አንድ። ምን ያከራክራል? «ለ»ን እንጻፍና እንውጣ። ስብሰባ አለብኝ።»

እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ። ሸዋገነትም እስክሪብቶዋን አነሣች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ዝም ብል ያልቃል። ሌታ ሰኔ ላይ ይሄዳል፤ እኔ ምን አደረግሁ? ቁልፉን የተጫነው በድሉ ነው። የሚያውቅብኝ የለም። ተሻለ በር ላይ ቆሞ ይህችን ቀን ይጠጣታል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ያላሰብኩ መስዬ አልጽፍም።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔ ከተሻለ የምፈልገው የልጁን ሞት ነው እንዴ? አይደለም። እኔ የምፈልገው እሱ ራሱ፣ በዚያ ባርኔጣ በሚያወልቅ እጁ፣ እጄን ጨብጦ «ልጄን ያተረፈው ይህ እጅ ነው» እንዲለኝ ነው። አመለሸጋ ባለችበት፣ ከተማው ባለበት። ልጁ ቢያሸንፍና ያሸነፈውም በእኔ ቢሆን፣ ተሻለ ዕድሜውን ሙሉ ባየኝ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ከዚህ የሚበልጥ ምን በቀል አለ?

«ጓድ በድሉ፣ የመጀመሪያው አላለቀም» አልኩ።

«ምን?»

«ካሴት «ሀ»። አልጨረሰም። ወረቀት ሲገለበጥ ሰምቻለሁ።»

በድሉ ወንበሩን ወደኋላ ደገፍ አድርጎ ሳቀ። «ወፍጮ ቤት የዋለ ጆሮ ወረቀት ይሰማል? አንተ ሰውዬ፣ የሞተሩ ማጓራት ጆሮህ ላይ ቀርቶብህ እንዳይሆን!»

ይህንንም ይዤዋለሁ። በድሉ፣ ግንቦት 1978፣ ሸዋገነት ፊት።

«ቢሰማስ ምን ይጎዳናል?» አለች ሸዋገነት። ««ለ»ን የቀዳው ሰው በየመሃሉ ቴፑን እያቆመ፣ «ሀ»ን ደግሞ ሳያቆም ቀድቶት ቢሆንስ? እንክፈተው።»

«ጊዜ የለኝም እኮ ነው የምላችሁ!»

«የሰው ልጅ ዕድል ነው፣ ጓድ።»

በድሉ እየተነጫነጨ «ሀ»ን መልሶ አስገባ፤ ካቆመበት ጫነው። ሺሺሺ አለ። ወረቀት መገለጡ አልፏል። ዝም። ሸዋገነት አየችኝ። ዝም። ተሳስቼ ቢሆን በድሉ ይህን የወፍጮ ነገር በየስብሰባው ሲያወራው ታየኝ።

«ይኸው፣ ባዶ ነው» አለና ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

ጣቱ ቁልፉን ሳይነካ ቫዮሊኑ ገባ።

የሶናታው ሁለተኛ፣ ቀሰስ ያለው ክፍል ነው። እንቁም ተጫውታዋለች፣ ደኅና አድርጋ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ልጁ ወፍራሙን ክር አልሸሸውም። ያንን ዝዝታ ከዜማው ጋር ይዞት ይሄዳል፤ ሰው ስንጥቅ ድምፁን ሳያፍርበት እንደሚያንጎራጉር። ሸዋገነት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ግንባሯን በእጇ ያዘች። በድሉ እንኳን ስለ ስብሰባው መናገሩን ተወ። እኔም ላለመስማት ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። የእኔ ቫዮሊን እንደዚህ መናገር ይችል ኖሯል። በእኔ እጅ ቢሆንስ ይናገር ነበር? አላውቅም። እንዳውቅ ማን ፈቀደልኝ!

ሁለተኛው አለቀ፤ ጸጥታ፤ ወረቀት ተገለጠ። አሁን ሁላችንም ሰማነው።

ሦስተኛው፣ ፈጣኑ፣ ጀመረ። እዚህ ላይ ሌታ ሮጠ። አስያ ከኋላው ትከተላለች። ፒያኖዋ ጥያቄዋን ጀምራ ሳትጨርስ ቫዮሊኑ መልሱን ይናገራል፤ እሷ ስትደርስበት እሱ አልፏል። አንድ ቦታ ላይ ልጅቱ ጭራሽ ጠፋችና ዘላ ነው ያገኘችው። እሱ ዞርም አላለም። እየደመቀ፣ እየጮኸ፣ ብቻውን ደርሶ ቆመ። ፒያኖዋ ከኋላው ገባች፤ ደጅ ተቆልፎበት እንደሚደርስ እንግዳ።

አውቀዋለሁ ይህን፣ አልኩ በልቤ። ሰው ሳይጨርስ አፉ ላይ የሚገባ። ተራ የማይሰጥ፣ ደጋን የሚመነጭቅ። ተሻለ ራሱ ነው ቫዮሊን ይዞ የመጣው።

ይህን እንዳልኩ ደነገጥሁ። የሰማሁት ልጁን ነው ወይስ አባቱን? ጆሮዬ ነው የፈረደው ወይስ ጉልበቴ፣ ያ የተንበረከከው?

«ሦስተኛውን አንዴ እንደገና» አልኩ።

«ኧረ በማርያም!» አለ በድሉ፣ ጓድነቱን ረስቶ።

«ድገመው» አለችው ሸዋገነት።

ወደኋላ ሲመልሰው ቴፑ የካሴቱን ክር ጎረሰው። በድሉ ተሳደበ፣ ካሴቱን አወጣ፣ በእርሳስ እያሽከረከረ ጠቀለለው። የተጨማደደው ክር ላይ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ ተሰማ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ተሻለ የሚባል ሰው ዓለም ላይ የለም ብዬ አዳመጥሁ። ይሮጣል። እንቁንም አስደገምኳት። እንቁ ሁለተኛው ላይ ከሌታ ታንሳለች። ሦስተኛው ላይ ግን ፒያኖዋ ስትጠይቅ ትጠብቃታለች፤ ትሰማታለች፤ ከዚያ ትመልሳለች። አብረው ሄደው አብረው ገቡ።

«በቃ» አለ በድሉ። «እኔ የጻፍኩትን አልሰርዝም። «ለ»።»

«እኔ «ሀ»» አለች ሸዋገነት። «መጨረሻው ላይ ቸኩሏል። ግን ሁለተኛው ክፍል… እንደዚያ የሚጫወት ልጅ መቸኮሉን አስተማሪ ያቃናለታል። ያንን ስሜት ግን ማንም አይሰጠውም።»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ ሰፊው ሕዝብ» አለ በድሉ። «የቀረው ያንተ ነው።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። የሸዋገነት ነገር እውነት ነበረው፤ «ሀ» ብዬ ብጽፍ ማንም ተሳሳትክ አይለኝም። ልጁም ይተርፋል። ተሻለም አንገቱን ይደፋልኛል፤ የፈለግሁት ሁሉ በአንዲት ፊደል። ግን ያ ወረቀት ምን ነበር ያለው? አንዱ ጌታ ሌላው አሽከር አይደሉም። አስያ ከኋላ ስትሮጥ ሰምቻታለሁ። እኔም እስኪደወል ከኋላ ተንበርክኬ አውቃለሁ። ይህን ሰምቼ ያልሰማሁ መሆን አቃተኝ። ጆሮዬ ነው የፈረደው፤ በአባቴ አጥንት እምላለሁ። ደግሞ የሚያምነኝ አንድ ሰው እንደማላገኝ ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

«ለ» ብዬ ጻፍኩ።

በድሉ የታሸገውን ቀደደ። ሲያነብ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ። ««ለ» እንቁ ናት፣ የጉደሯ። «ሀ»… የመምህር ተሻለ ልጅ።»

«ሌታ?» ሸዋገነት አፏን ያዘች። «ሰኔ እኮ…» ከዚያ እኔን አየች። ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ አስተዋለችኝ። «አንተ ቅድም «እንደገና» ስትል… ታውቅ ነበር?»

«ቫዮሊኑን አውቀዋለሁ» አልኳት።

«እና አውቀህ ነው የፈረድከው?»

«ሰምቼ ነው።»

አላመነችኝም። ነጠላዋን ሰብስባ ከእኔ ቀድማ ወጣች።

በረንዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል። እንቁ ከእናቷ ጋር ቆማለች፤ ሌታ የቫዮሊኑን ሳጥን ይዞ ከአባቱ ጎን። በድሉ ስብሰባው ስላስቸኮለው እየወረደ ነው የተናገረው። «ሁለት ለአንድ፣ እንቁ አሸንፋለች! የመጨረሻዋን ድምፅ የሰጠው ጓድ ሆርዶፋ ነው፤ ቅሬታ ያለው እሱን ይጠይቅ!» ሳቀና ሄደ። የእንቁ እናት እልል አለች። ከእልልታው ጋር ሰው ሁሉ ወደ እንቁ ሲዞር ተሻለ ወደ እኔ ዞረ።

የግቢው በር ላይ ደረሰብኝ። ባርኔጣው እጁ ላይ የለም፤ የት እንደጣለው እንጃ።

«ሆርዶፋ» አለኝ። ኦቦ የለም አሁን። «ዱጋ ናቲ ሂሚ። እውነቱን ንገረኝ። አንተ ነህ?»

ቆምኩ።

«ሞፈር ስላልኩህ ነው?»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል ብዬ ነበር። አልረሳውም። ቃሉንም ይዞታል።

«ለዚያች ቃል ነው?» አለኝ። «ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ፤ አፌ ልጅ ነበር። እኔን ስደበኝ። እዚሁ ሰው መሃል ስደበኝ፣ ምራቅህን ትፋብኝ። እሱ ምን አደረገህ?»

«አባ፣ ተው» አለ ሌታ። ከኋላው ደርሶ ክንዱን ይጎትታል። ረጅም ልጅ ነው፤ ጺሙ ገና መውጣቱ። «ሦስተኛው ላይ ሮጫለሁ። አስያም ነግራኛለች። ተው፣ እንሂድ።»

«አንተ ዝም በል!» ብሎ አቋረጠው፤ ሳያስጨርሰው። ከዚያ ሳጥኑን ከልጁ እጅ መንጭቆ ወደ እኔ ዘረጋው። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ። «ይኸው። ያንተ ነው፣ ውሰደው። ያኔም ያንተ ነበር። ደብዳቤው ገና አልተላከም፤ ተመለስና «ተሳስቻለሁ» በላቸው። አንዲት ቃል ናት። ማሎ፣ እባክህ፣ ሆርዶፋ። ወይ ደግሞ አዎ፣ ለዚያች ስድብ ነው በለኝ፣ ልወቀው።»

ሳጥኑ ሲነቃነቅ ውስጡ ያለው ክር እም አለ። እጄ ወደ እጀታው ሲሄድ አየሁት፤ እኔ አላዘዝኩትም። ለእሱ ብዬ ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረ፤ ወፍጮው ሥር ስንት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። እሱም ምላሴ ላይ መጣ። «አዎ» ብለው ውሸት ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር። «አይደለም» ብለው እውነት ነው፤ አያምነኝም። ልጁ አባቱን ትቶ እኔን ያየኛል፤ እሱ እንኳን የሚጠይቀኝ ነገር የለውም።

እጄን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩት። ተሻለ ሳጥኑን እንደዘረጋ ቀረ። ዞርኩና በሁሉቃ ድልድይ በኩል ወደ ወፍጮ ቤቱ መንገዴን ያዝኩ። ከኋላዬ «ሆርዶፋ! ሆርዶፋ!» ይላል። እኔ ድልድዩን ተሻገርኩ።